ሐጂ ወሬ ያልጠየቁኝ ሦስት ቀናት

ኮምፒውተሩን ያስወደደን ኤሲው ነው። ይህን ስል ያኔ አብረውኝ የሠሩት ሁሉ ይስቃሉ፤ ግን ወላሂ እውነቴን ነው። ሰመራ አካባቢ በነበረው ሆስፒታላችን ውስጥ ደህና ኤሲ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም ለሰው ሳይሆን ለሰርቨሩ የተገዛ። ዋርዱ ውስጥ ቬንቲሌተሩ ትኩስ አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያመላልስ ይውላል፤ ሰርቨሩ ግን በቅዝቃዜ ተንደላቆ ይኖራል። "ሰው እየተቀቀለ ለብረት ይቀዘቅዝለታል እንዴ!" ብዬ የጮህኩት የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ሥልጠናው በዚያ ክፍል ነው ሲባል ደግሞ ቀድሜ ወንበር የያዝኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አዋሽ፣ ልጄ ዘንድ ነው የምኖረው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ተሳቢዎች ሳይ እውላለሁ። ነገ ሎጊያ ይደርሳሉ፣ ሾፌሮቹ ዓሣ ይበላሉ፣ ከዚያ በእኛ ሆስፒታል በኩል ያልፋሉ። ልቤ አብሯቸው ይሄዳል። ልጄ "እማ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ደግሞ ይናፍቃል?" ትለኛለች። ይናፍቃል! ምን ላድርግ?

ነርስነቱን የጀመርኩትም እዚሁ አዋሽ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ወንድሜ ሎጊያ ሱቅ ስለነበረው ጊዜ ጠብቄ ወደዚያ ተዛወርኩ። ያኔ ሐኪሙ ትዕዛዙን በካርድ ላይ ይጽፋል፣ እኛ አንብበን እንሠራለን። የሐኪም ጽሕፈት በማንበብ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ መድኃኒት ቤቶቹ ሲቸግራቸው እኔን ነበር የሚጠሩት። በኋላ "ከእንግዲህ ሐኪሙ ራሱ ትዕዛዙን ኮምፒውተር ላይ ያስገባል" ተባለ። ሐኪሙ ሲጽፈው መድኃኒት ቤቱም ነርሷም እዚያው ያዩታል፤ ለታካሚው የማይስማማ መድኃኒት ከሆነም ማሽኑ በቀይ ያስጠነቅቃል። ይህን ሥራ የሚያስጀምሩ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፦ ከአዲስ አበባ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አንድ የውስጥ ደዌ ክፍል ሐኪም፣ እና እኔ። ሠራተኛው "ኤክስፐርቶቹ መጡ" እያለ ያሾፍብን ነበር። ኤክስፐርት! ማውዝ መያዝ ከተማርኩ ገና ወር አልሞላኝም።

የኮምፒውተሩ ባለሙያ ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነበር። የተናገረውን ሁሉ "ማሽን አይዋሽም" ብሎ ነው የሚጨርሰው። ሐኪሙ ደግሞ ሳቁ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ፣ በታካሚ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰው ነው። የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመሆን ሦስት ዓመት ተራ ጠብቋል። በዚያ ዓመት ዕድሉ ደርሶት ነበር፤ የቀረው ከሆስፒታሉ የሚጻፍለት ንጹሕ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ። ሻንጣ እንኳ ገዝቶ አሳይቶኛል።

እኔ ዋርድ ለዋርድ እየዞርኩ የማስተምረው አንድ ነገር ነበር፦ "እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፓስዎርድ ይግባ፣ ሥራውን ሲጨርስ ይዝጋ።" ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ማንም አይዘጋም። በየዋርዱ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ጠዋት አንዱ ሐኪም ይከፍተዋል፣ እስከ ማታ በእሱ ስም ሁሉም ይሠራበታል። ስንፍና አይምሰላችሁ። አብዛኞቻችን ዘመድ የሌለን፣ ከያገሩ የመጣን ሰዎች ነበርን፤ በአንድ ትሪ እንበላለን፣ የቤታችንን ቁልፍ እርስ በርስ እንሰጣጣለን። የጓደኛን ገጽ ዘግቶ የራስን መክፈት እየበላ ያለን ሰው ከገበታ ማስነሳት መሰለን። ዶክተሩማ ወጣ ሲል "ክፍት ትቼላችኋለሁ" ብሎ ነበር የሚነግረን። እናመሰግነው ነበር።

አሁን ስለ ሐጂ ልንገራችሁ። የዋርዱ አስተርጓሚ ናቸው፣ ጠና ያሉ አፋር። መካ ሄደው አያውቁም፤ እኛ ግን ሁላችንም ሐጂ ነበር የምንላቸው። በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ዱላቸውን ከጎናቸው አጋድመው ይቀመጣሉ። አማርኛቸው አንቱ አያውቅም፤ ሥራ አስኪያጁንም "አንተ" ነው የሚሉት። እኔን "አንቺ ሲስተር" ይሉኛል።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል። ዝም ብሎ ሰላምታ አይደለም፤ ቁጭ ተብሎ፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ብለህ ለይተህ ትናገራለህ። አንዴ የዋሸ ወይም የደበቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ማንም ወሬ አይጠይቀውም። ሐጂ ከእኔ ጋር በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ ዳጉ ይለዋወጡ ነበር። "ምን አየሽ?" ይሉኛል። የገባውን፣ የወጣውን፣ ያረፈውን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ የዝናቡን፣ የከብቱን፣ የአዳይቱን ገበያ ይነግሩኛል። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ይህን ሳልናገር ቤቴ ብገባ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ጀመር።

አንድ ጊዜ ከጭፍራ በኩል የመጣ ከብት አርቢ ሰውዬ ዋርዳችን ተኛ። ሐጂ ጠይቀውት ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ፦ "ይሄ ሰው ድሮ የፔኒሲሊን መርፌ ሊገድለው ነበር። ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። ወንድሙም አይቷል።" እዚያው በራሴ እጅ ማሽኑ ላይ መዘገብኩት። "ገባ?" አሉኝ። "ገባ፣ ሐጂ፤ ማሽኑ አይረሳም" አልኳቸው። ኮራሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ዶክተሩ ዓሣ ሊበላ ሎጊያ ወረደ። ገጹን እንደ ልማዱ ክፍት ትቶልኛል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ላይ ሆኖ በጽዳት ሠራተኛዋ በኩል ላከብኝ፦ "ለአራት ቁጥር አልጋ አምፒሲሊን ይጀመርለት።" ያን ጠዋት ግን አራት ቁጥር የነበረውን ታካሚ ከቬንቲሌተሩ ሥር እንዲሆን ወደ ሰባት ቁጥር አዛውረነው ነበር። አራት ቁጥር ላይ አሁን የጭፍራው ሰውዬ ነው ያለው። ሐኪሙ ይህን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ! አልጋውን የገፋሁት እኮ እኔ ነኝ! ግን ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ መብራት ሊሄድ ነው እየተባለ፣ አራት ቁጥርን ከፍቼ አምፒሲሊን ጻፍኩ። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ይህ መድኃኒት ከፔኒሲሊን ወገን ነው፣ ለዚህ ታካሚ አይስማማም ይላል። ማሽኑ በማይረባ ምክንያት ሁሉ ቀይ ስለሚያሳየን ሳናነብ ማለፍ ለምደን ነበር። "ቀጥል" የሚለውን ተጫንኩት።

ተረኛዋ ነርስ ስክሪኑ ላይ ያየችውን መርፌ ወጋችው። ብዙም ሳይቆይ የሰውዬው ፊት አበጠ፣ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። አድሬናሊን ሰጠን፣ ኦክሲጅን አደረግንለት፤ "ያረቢ፣ ያረቢ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ማታ ላይ ውኃ ጠጣ።

ሥራ ስጨርስ ሐጂ አግዳሚው ላይ ነበሩ። "አንቺ ሲስተር፣ ምን አየሽ?" አሉኝ።

"ምንም፣ ሐጂ። ሰላም ነው" አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ኤክስፐርቶቹን ሰበሰበን፤ ያውም እዚያው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ የሚያሳየውን ዝርዝር አትሞ ይዟል። ትዕዛዙ የተጻፈው፣ ማስጠንቀቂያውም የታለፈው በዶክተሩ ስም ነው። ማሽኑ ከተናገረ ወዲያ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙንም ሆነ ጽዳቷን የጠየቀ አልነበረም። "ማሽን አይዋሽም" አለ ባለሙያው፤ ሲናገር ግን ዶክተሩን ማየት ከብዶት ወረቀቱን ነበር የሚያየው። ዶክተሩ "ያን ሰዓት ሎጊያ ነበርኩ" አለ። ማን በገጹ እንደገባ ግን አልጠየቀም። "ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ገጹ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው" አለ። ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ቀን በኋላ የጥፋት ደብዳቤው ተጽፎ ፋይሉ ውስጥ እንደሚገባ ነገረው። ያ ደብዳቤ ገባ ማለት ስፔሻሊቲው ቀረ ማለት ነው። ሁላችንም እናውቃለን።

እኔስ? እኔ እንደ መርማሪ ተቀምጬ ብርድ ይመታኛል! በልቤ ያላልኩት ሰበብ የለም። አሠልጣኟ ራሷ አጠፋች ከተባለ ማን ኮምፒውተሩን ያምናል አልኩ። ሰውዬው ተርፏል አልኩ። ዶክተሩ ልጅ ነው፣ ሌላ ዓመት ያልፍለታል አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው። ሃያ ዓመት ያስከበረኝን ስሜን ነበር የፈራሁለት።

ያን ቀን ማታ ሐጂ ወሬ አልጠየቁኝም። በሁለተኛው ቀንም አልጠየቁኝም። ሆን ብዬ በፊታቸው ሁለቴ አለፍኩ፤ "ሐጂ እንዴት ዋሉ?" አልኳቸው። "ደህና" አሉኝ፣ በቃ። በሦስተኛው ቀን ከጽዳቷ ጋር ዳጉ ሲለዋወጡ አየኋቸው። ከእሷ ጋር ያወራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፤ እኔ ስደርስ ዝም። ኧረ እንዴት አባቱ ያቃጥላል! ቢሰድቡኝ እመልስላቸው ነበር፣ ምላሴን ሁሉም ያውቀዋል። ዝምታን በምን ይመልሱታል? ቤቴ ገብቼ ወንድሜ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ እሱንም ጮህኩበት።

የኋላውን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ከአሠልጣኝነቱም ተነሣሁ። ዶክተሩ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ ዛሬ የሕፃናት ሐኪም ነው። አንዴ በመንገዱ አዋሽ ወርዶ ሲጠይቀኝ ገና ከበሩ ላይ "ሲስተር፣ ገጽሽን ዘግተሽ ነው የመጣሽው?" ብሎ በዚያ ሳቁ ጎረቤቱን አናወጠው። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ደግሞ "ማሽን አይዋሽም" ማለቱን ተወ። ሐጂ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስለ ዳጉ ሲጠይቃቸው ሰነበተ። ከዚያ በሌላ ሰው የተላከ ትዕዛዝ ስታስገባ ማሽኑ "በዓይንህ አየህ ወይስ በጆሮህ ሰማህ? ከማን?" ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው። ካልመለስክ አያልፍም። ገጹም ለጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ራሱ እንዲዘጋ አደረገ፤ እንዴት እንደረገምነው! ያ ማሽን አሁን በሌላ ተተክቷል ይላሉ።

እንግዲህ ደብዳቤው ወደሚፈረምበት ቀን ልመለስ። ደብዳቤው ተተይቦ ለፊርማ ቀርቦ፣ ዶክተሩም ተጠርቶ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ቀዩንም አይቼ ነው ያለፍኩት" አልኩ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዶክተሩ ተነሥቶ ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ ቆመ። ያን ጊዜ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዋርዱ ተመለስኩ። ሐጂ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሲያዩኝ ከጎናቸው የነበረውን ዱላ አንስተው ቦታ ለቀቁልኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ እንደሆነ እንጃ። ተቀመጥኩ።

"ምን አየሽ?" አሉኝ።

ከቀዩ ማስጠንቀቂያ ጀምሬ ነገርኳቸው። ያየሁትን አየሁ፣ በጽዳቷ አፍ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ፣ ምንም ሳላስቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ሰማሁ" አሉ።

"ሐጂ" አልኳቸው፣ "ያን ቀን እዚሁ ነበሩ። ስጽፍ አይተውኛል አይደል?"

"አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን አልተናገሩብኝም?"

"ወሬው ያንቺ ነው" አሉኝ። "እኔ ብናገረው አንቺን ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቅሻል? ደብዳቤው ሊፈረም ሲል እናገር ነበር። እስከዚያ ጠበቅኩሽ።"

ከዚያ እንደ ወትሮው የራሳቸውን ወሬ ጀመሩ። የጭፍራው ሰውዬ ነገ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ወንድሙ ሊወስደው መጥቷል፣ በዚያ በኩል ዝናብ ጥሏል፣ ይህን በዓይኑ ያየ ነው የነገራቸው። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን እየጠረግኩ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው።