አንጀት ሳይደርስ የሚቀር መድኃኒት

ሰው እቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሲያጣ ምን ያድርግ? ተመራማሪዋ ላብራቶሪ ውስጥ ስትናገር ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣታል። እቤት ስትገባ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው፤ እናቷ ድስቷን ታማስላለች፣ አባቷ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጉታል።

ሥራዋ ጄል ነው። ከባሕር አረም ከሚወጣ ዱቄት ምስር የማያክሉ ፍሬዎች ትሠራና መድኃኒት ትቀብርባቸዋለች። ፍሬዋ ጨጓራ ውስጥ፣ ያ ሁሉ አሲድ ባለበት፣ ጭምትርትር ብላ ትዘጋለች። አንጀት ስትደርስ፣ ኮምጣጣው ሲያልቅ፣ ውኃ ትጠጣና አብጣ ትከፈታለች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት መቼም መመራመር አያሻም፤ እሷ ግን ቤተሰቧን ስታስረዳ ልቧ ውልቅ ይላል።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው። ትልቁ አንጀታቸው ቆስሎ ደም ያስቀምጣቸው ጀመር። ሐኪሙ ያዘዘላቸው እንክብል በውስጡ የያዘው እሷ እንደምትሠራቸው ያሉ ፍሬዎችን ነበር። እንዴት ደስ እንዳላት! ያን ቀን ራት ላይ ጨጓራውን በሶፍት ወረቀት ላይ እየሳለች፣ አንጀቱን በሹካ እያሳየች ስታስረዳ አመሸች። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወራት አለፉ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሰውየው ከስተው ሱሪያቸው በቀበቶ ብቻ የሚያዝ ሆነ። ሐኪሙም ቁርጡን ተናገረ፤ «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ለውጥ ከሌለ የቆሰለውን አንጀት ቆርጠን እናወጣለን።»

ደሟ ፈላ። ፋርማሲስቷን ጨቀጨቀቻት፣ መድኃኒቱን ያመጣውን መኪና ሳይቀር ፀሐይ አስመታው ብላ ጠረጠረች። በመጨረሻ አንዱን እንክብል ሰርቃ ወደ ላብራቶሪ ወሰደችው። አሲድ ውስጥ ጨመረችው፤ ፍሬዎቹ ንቅንቅ አላሉም። የአንጀትን ፈሳሽ በሚመስለው ውስጥ ስትጨምራቸው ደግሞ አበጡ፣ ተከፈቱ። ምንም እንከን የለባቸውም። ታዲያ አባቷ ሆድ ሲገቡ ምን ሆነው ነው የሚለግሙት?

ባልደረቦቿ ለምሳ የወጣች እንዲመስላቸው አድርጋ፣ አባቷ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ልታይ ቀጥታ ወደ ቤት ሄደች። እናቷ ወጥ ቤት ቆመው ወተት አሙቀዋል። እንክብሉን በጥፍራቸው ለሁለት ከፍለው ፍሬዎቹን ስኒ ውስጥ ገለበጡና ያማስሉ ጀመር።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ መድኃኒቱን እያለሰለስኩለት ነዋ። ትንሽ ሲቆይ እብጥ ይልና ልስልስ ይላል።»

ወተት አይኮመጥጥም። ፍሬዎቹ ምስኪኖች አንጀት የደረሱ መስሏቸው ገና ስኒው ውስጥ ተከፍተዋል። መድኃኒቱ እዚያው ይፈሳል፤ ታች ያለው ቁስል ጋ የሚደርሰው ስሙ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ወር! ቆሽቷ አረረ፣ ድምፅዋ ሳሎን ድረስ ተሰማ። እናቷ ማንኪያውን እንደያዙ አቀረቀሩ።

«እናትሽን ተያት» አሉ አባቷ ከሶፋው ላይ ሆነው። «እኔ ነኝ ያስደረግኳት።»

«አንተ? ለምን አባዬ?»

«እንክብሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያውን ቀን ሊያንቀኝ ነበር፤ እናትሽ ጀርባዬን ስትደበድብ ነው የተረፍኩት። ከዚያ በኋላ ፈራሁት።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?»

«መቼ ልንገርሽ? ስለ ጄሉ ስታወሪ አመሸሽ። ገባህ ወይ አልሽኝ፣ ገባኝ አልኩሽ። መዋጥ ትችላለህ ወይ ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም። ይሄን ሁሉ ዘመን አውቶብስ የነዳሁ ሰውዬ፣ ክኒን ፈራሁ ብዬ እንዴት ልጀምርልሽ?»

ተናደደች፤ በእሳቸውም በራሷም፣ የትኛው እንደሚበልጥ አታውቅም። ፋርማሲስቷ ጋ ደወለች፤ ይህኛው መድኃኒት ካልታኘከ በኮምጣጣ ነገር ላይ ተነስንሶ ወዲያው ሊዋጥ እንደሚችል ነገረቻት። ብርቱካን ጨመቀች፣ ጭማቂውን በማንኪያ ቀዳች፣ እንክብሉን ከፍታ ፍሬዎቹን ነሰነሰችበትና አባቷ አፍ አጠገብ ያዘችው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ወረደልህ?» አለቻቸው።

«ወረደ» አሉ፣ እሳቸውም ገርሟቸው።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ውጤቱን ደጋግሞ አየና መቁረጡ ይቅር አለ። ደሙ ቆሟል፣ ቁስሉም መሻር ጀምሯል። እቤት ሲደርሱ እናቷ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ለአክስቷ ስልክ ደወሉ።

«አንቺዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ በመድኃኒት ስንለፋ! ያዳነው ለካ ብርቱካን ነው።»

ደሟ እንደገና ፈላ። ስልኩን ተቀብላ ስለ አሲዱም፣ ስለ ጄሉም፣ ስለ አንጀቱም ልታስረዳ ብድግ አለች። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ሁለተኛ ሳህን ምግብ አቅርበው ቀና ሳይሉ ይበላሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲበሉ አይታ አታውቅም። ቆማ አየቻቸው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷን «አዎ በያት፣ ብርቱካን ነው» አለቻቸውና አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።