እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የኖረችው ጥንቸል

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ለእናቴ አንዲት ነጭ ጥንቸል ትቶላት ሄደ። ጥንቸሏን ለእሱ የሰጠው በአሰላ የእርሻ ፕሮጀክት ይሠራ የነበረ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ነው። እናቴ የማይበላ እንስሳ ምን ያደርግልኛል እያለች ስታጉረመርም ከርማ ነበር፤ እሱ ከሄደ በኋላ ግን ራሷ ሳሎን አስገባቻት። ውጭ ውሻ አለ፤ የአሰላም ብርድ ለማንም አይራራም።

እኔ ያኔ እዚያው ከተማ አስተምር ነበር። እናቴ ጎረቤት ቤታቸው ሸተተ እንዳይል ሲሚንቶውን ጠዋት ማታ በሳሙና ትፈትገዋለች፤ ጥንቸሏም ሳይደርቅ ትተኛበታለች። ልጄ ሲመጣ ከስታ እንዳያያት እያለች ስንዴ በእፍኝ፣ ዳቦም ፈርፍራ ታበላታለች። ጥንቸሏ ተድቦለቦለች። መዝለል ስትተው ጠገበች አልን እንጂ ሌላ ነገር በሐሳባችን አልመጣም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እናቴ እጇን የቆረጣት መስሎኝ ጠየቅኋት፤ ደህና ነኝ አለች። ጥንቸሏን አንስቼ ገለበጥኳት። የኋላ እግሮቿ ተረከዝ ላይ ፀጉር የሚባል የለም። አንዱ ጥቁር ቅርፊት ይዟል፤ ሌላው ተልጦ ሥጋው ይታያል። ጠዋት ስንዴዋን ስትበላ አይቻታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ድምፅ አላሰማችም።

እናቴ መጥታ አየች። ወንድሜ መኪና ላይ ሲወጣ በሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት፣ እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በቅርጫት አድርገን እንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት። በሬና ፈረስ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ገበሬዎች ቅርጫቱን እያዩ በኦሮምኛ እየቀለዱ ይሳሳቁ ነበር፤ ሐኪሙ እግሯን ሲገልጥ ሳቁን ትተው ቀረብ ብለው አዩ። ሐኪሙ ወደ እናቴ ዞረ።

«እማማ፣ ጥንቸል እንደ ውሻ መዳፏ ላይ ወፍራም ሥጋ የላትም። ጫማዋ ፀጉሯ ነው። የት ነው የምትተኛው?»

እናቴ ነገረችው። ከዚያ እንደ መንሾካሾክ ብላ፣ «አጥቤ አጥቤ ነው እንዲህ ያደረግኋት?» አለችው።

ንጽሕናው ጥሩ ነው፤ እርጥበቱና ጥጋቡ ነው የጎዳት አላት። ቅርፊቱን እንዳንነካ አስጠነቀቀን። ፈልቶ ለብ እስኪል በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ቁስሉን አጥበን፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገን አድርቀን፣ የሰጠንን ቅባት በስሱ እንድንቀባ፤ ለሰው የታዘዘ ክኒን ግን ከቶ እንዳናስውጣት፣ ሆዷን አበላሽቶ ሊገድላት እንደሚችል ነገረን። የረዘመ ጥፍሯንም እዚያው ቆረጠላት፤ ጥፍር ሲረዝም ክብደቷ ሁሉ ተረከዟ ላይ ይወድቃል።

ስንዴውና ዳቦው ቀርቶ ምግቧ የሣር ድርቆሽ ሆነ። እናቴ ሳሎኑ ላይ ጆንያ ዘርግታ የገብስ ገለባ አለበሰችው፤ ሲረጥብ እያነሳች በደረቅ ትለውጣለች። ጎረቤቶች ቤቱን ጋጣ አደረገችው ብለው አሙአት፤ እንዳልሰማች ሆነች። መጀመሪያ የቁስሉ ሽታ ጠፋ፣ ከዚያ ቆዳው ገጠመ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጥንቸሏ መዝለል ጀመረች። ግራ ተረከዟ ላይ ግን ፀጉር ዳግም አልበቀለም። እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጭኗ ላይ ገልብጣ ያንን ራቁት ቦታ በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች፤ ጥንቸሏም ትራገጣለች።