የእናቴ ትከሻ

የሐሞት ጠጠር የሚያሠቃያትን እናቴን ከሰርቦ ወደ ጅማ ያመጣኋት የከተማው የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በኮብልስቶን በሚነጠፉበት ዘመን ነው። ያኔ ብዙ ዓመት የሠራሁ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ያላጣራሁትን አልጽፍም ብዬ እኮራ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ ገብቶ የሚሠራው ነው። የስምምነት ወረቀቱን ያቀረበችልኝ ወጣት ነርስ "ያንብቡት፤ ያልገባዎት ካለ ይጠይቁኝ" አለችኝ። ስልክ እያወራሁ ፈረምኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ እናቴ ቀኝ ትከሻዋን ይዛ ታቃስታለች።

"ሆድሽን ነው?"

"ሆዴስ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ትከሻዬን ነው።"

ሆዷ ታክሞ ትከሻዋ የሚታመምበት ምክንያት አንድ ብቻ መሰለኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ሲያወርዷት ጥለዋታል።

"ማን ነው የጣለሽ?"

"ኧረ እኔ ተኝቼ ነበር፤ ምን አውቃለሁ።"

ይህን እንደ ማስረጃ ያዝኩት። ነርሷን ጠራኋት።

"ጋዙ ነው" አለችኝ። "ለቀዶ ሕክምናው ሆዳቸው ውስጥ የገባው። በሁለት ሦስት ቀን ይለቃቸዋል።"

"ሆድ ውስጥ የገባ ጋዝ ትከሻ ምን ቤቱ ነው?" አልኳት፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ። "ይህን ለሌላ ሰው ንገሪ።"

ከጎናችን ያለችው አስታማሚ ሳቀች። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የነርሷን ስም ከደረቷ ካርድ ላይ ገለበጥኩ። በዚያው ዕለት የክስ ደብዳቤ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ሰጠሁ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ከክፍሉ አነሷት። የሙከራ ጊዜዋን እንኳ እንዳልጨረሰች ያወቅኩት በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ሐኪሙ ገና እንደገባ፣ ማንም ሳይነግረው፣ "እማማ፣ ትከሻዎ እንዴት ነው?" አላት። ጆሮዬ ቆመ። እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት።

"መሥሪያ ቦታ እንዲኖረን ሆድን የምንነፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚቀረው ትንሽ ጋዝ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ይቆጠቁጠዋል፤ ነርቩ አንድ ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ጋዙን ደም ይወስደዋል፤ በትንፋሽ ይወጣል።" ፋይሉን ገለጠልኝ። "የፈረሙት ላይ አለ እኮ።"

ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፤ ከሥሩ ፊርማዬ።

ሐኪሙ ሲሄድ እናቴ "ያቺም ልጅ ከመግባቴ በፊት በኦሮምኛ ነግራኝ ነበር" አለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"መቼ እሱን ጠየቅከኝ? ማን ጣለሽ ነው ያልከኝ። ልናገር ስል ደብተርህን አወጣህ። አንተ ደብተር ካወጣህ ማን ይናገራል?"

ደብዳቤዬን ላነሳ ሄድኩ። ኃላፊው "ሌላ ይጻፉና አብሮ ይያያዛል" አሉኝ። የመጀመሪያው ከማኅደሯ አይወጣም። ጻፍኩ።

ነርሷን ያገኘኋት ከሁለት ቀን በኋላ፣ እናቴ ልትወጣ ጓዟን ስትሸክፍ ነው። ካርድ ክፍል መድበዋታል። ይቅርታ ጠየቅኳት።

"እዚህ ማንም የለም" አለችኝ፣ የያዘቻቸውን ፋይሎች ሳታስቀምጥ። "ሲናገሩኝ ሰው ነበር።"

ወደ እናቴ ክፍል ስመለስ ተከትላኝ መጣች። ክፍሉ መሐል ቆሜ ወረቀቱን ሳላነብ እንደፈረምኩ፣ እሷ ትክክል እንደነበረች፣ የከሰስኳት በሐሰት እንደሆነ ተናገርኩ። ከእናቴ በቀር ነርሷን ስናገራት የሰማ ሰው በክፍሉ አልነበረም። የሳቀችው አስታማሚ በሽተኛዋን ይዛ ወደ አጋሮ ሄዳለች፤ ሌሎቹም አልጋዎች ሰው ቀይረዋል።

"ምን አድርጓት ነው?" ሲሉ አንዲት አዲስ የገቡ ሴት ጎረቤታቸውን ጠየቁ።

ነርሷ የእናቴን እጅ ጨብጣ ተሰናበተቻትና ወደ ካርድ ክፍሏ ተመለሰች።