በኅዳር ያቃጠልኩት አበባ

አሶሳ መምህርት ሆኜ ስመደብ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የአንዳንዱ ቢሮ ታፔላ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም። እናቴ ጎንደር ካለው ጓሮዋ አንድ ጭብጥ ሥር ቆፍራ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አስያዘችኝ። አስተር የሚሉት፣ ዙሪያው ሐምራዊ መሃሉ ቢጫ የሆነ፣ በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ አበባ ነው።

«አትቸኩዪ፤ እሱ ሌላው ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው የሚያብበው» አለችኝ። ልጇን ታውቃለች።

ከቀርከሃ አጥሬ ሥር ተከልኩት። የአሶሳ ዝናብ ጉድ ነው፤ በነሐሴ ተክሉ ትከሻዬ ደረሰ። ከዚያች የደረቀ ዝንጅብል ከምትመስል ሥር ይህ ሁሉ ጉልበት መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መስከረም ጠባ፣ አበባ የለም። ጥቅምትም አለቀ፤ አሁንም ቅጠል ብቻ።

ኅዳር ሲታጠን እንደ አገሬ ልማድ ግቢዬን ጠርጌ ጉድፉን አቃጠልኩ። ያንንም ተክል፣ ከእንግዲህ አረም ነው ብዬ አጭጄ ጨመርኩት። እሳቱ ሲይዘው ነው ልብ ያልኩት፤ በየጫፉ ሽምብራ የሚያካክል እምቡጥ ሞልቶታል። አንዳንዱ ሐምራዊው ብቅ ብሏል። እጄን ብሰድም እሳቱ ቀደመኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ጎረቤቴ፣ የበርታ ተወላጅ የሆኑ ባልቴት፣ ጢሱን አይተው መጡ። እሳቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«መምህር፣ ለምን ቆረጥክ?»

«አረም መስሎኝ ነው፣ እማማ።»

«ሥሩ አለ። አትንካ። ኢንሻላህ ይመጣል።»

እናቴ «አበበ ወይ?» ብላ ስትጽፍልኝ እውነቱን መናገር አፈርኩ። «ገና ነው» ብዬ መለስኩላት። በሚያዝያ አረፈች። ወንድሞቼ ቤቱን ሸጡት፤ የገዛው ሰውም ጓሮውን አርሶ በቆሎ ዘራበት። ከእናቴ እጅ የቀረኝ በአጥሬ ሥር የተቀበረው ብቻ ነበር፤ እሱንም ገድየው እንደሆነ አላውቅም።

ከለቅሶ ስመለስ በዚያ ሙቀት ሌላው መሬት ሁሉ ተሰነጣጥቋል። አጥሬ ሥር ግን አፈሩ እርጥብ ነው። እማማ ለካ ባልነበርኩበት ወር ሙሉ ውሃ ሲያጠጡ ከርመዋል። ቁጭ ብዬ ሳየው ሰባት ቀንበጥ ቆጠርኩ። አንድ ቆርጬ ሰባት። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

በዚያ ዓመት አልቸኮልኩም። መስከረምን አሳለፍኩ፣ ጥቅምትንም። ሣሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ከተማው አቧራ ለብሶ፣ በኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት በሩን ስከፍት አጥሩ በሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ንቦቹ ከየት እንደሰሙ እንጃ። እማማ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ጉድፉን ከማታው ጀምሮ ሰብስቤ ከምሬው ነበር፤ ጢሱ እንዳይነካው ብዬ ክብሪቱን ወደ ኪሴ መለስኩ። ከተወለድኩ ኅዳርን ሳላጥን የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ብትሰማ ትቆጣኝ ነበር።