የተፋቀው ንጉሥ የጡት እናት

ቲልጊፉ ሦስት ወልዳ አራት አጥብታለች። አራተኛው የንጉሥ ልጅ ኦስጋር ነው፤ የእናቱ ጡት ቢነጥፍ ለእሷ ሰጧት። አደገ፣ ነገሠ፣ በዓመቱም ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። መሞቱስ ባልከፋ፤ ግን ከመሞቱ በፊት መስቀሉን ጥሎ ወደ አያቶቹ ጣዖት ተመልሶ ነበር። በባሕሩ ዳርቻ ባለው ገዳም የነገሥታትን ዘመን የሚቆጥሩ መነኮሳት ይህን ሰምተው ስሙን ከብራናው ፋቁት፤ ዓመቱንም አንስተው ቀጥሎ ለነገሠው ደግ ንጉሥ መረቁለት።

ቲልጊፉ ለዘመን ቆጣሪው መነኩሴ ለአባ ቤርትዊን አይብ ስታደርስ አላስቻላትም።

«አባ፣ ያ ዓመት የለም አሉ?»

«የለም።»

«መንጋጋ ጥርሴ የወለቀው ያኔ ነው። ይመለስልኝ እንግዲህ።»

«ተይ አንቺ ሴትዮ።»

«ልጄንም የዳርኩት ያኔ ነው። አማቼ ከሰማ ‹አላገባሁም ማለት ነው› ብሎ ይመልስልኛል፤ ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው።»

አባ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር። መሠዊያው ላይ የስም መጽሐፍ አለ፤ እዚያ የተጻፈ ሰው በየቅዳሴው ይጸለይለታል። ኦስጋር አልተጻፈም። ጸሎት ያጣች ነፍሱ በብርድ ስትንከራተት ይታያታል፤ ልጅ ሆኖም ብርድ አይችልም ነበር።

በፋሲካ ማግስት አበምኔቱ የሠላሳ ዓመት አይቧን አስበው «ስሟ ይግባላት» አሉ። አባ ቤርትዊን የላባ ብዕሩን ቀለም አስነክቶ ጠበቃት።

«ቲልጊፉ ብዬ ልጻፍ?»

«ሉላ ብለው ይጻፉ።»

«ሉላ ደግሞ ማነው?»

«ጥርስ ሲያወጣ ጡቴን የነከሰኝ።»

በዚያ አገር የቤት ስም የሌለው ልጅ የለም፤ ሉላ የሚባል እረኛም ቄስም ሞልቷል። አባ ግን ገባው። ኦስጋርን የፋቀው በገዛ እጁ ነበር።

«የተፈቀደልሽ አንድ ስም ነው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኼ ከገባ አንቺ ቀረሽ።»

«እኔ ልጆች አሉኝ፣ ይጸልዩልኛል። ባይጸልዩም ያሙኛል፤ እሱም መታሰብ ነው።»

«ማን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም።»

«እኔም አልነገርኩዎትም።»

ጻፈው። ማንበብ አትችልምና የቱ እንደሆነ በጣቱ አሳያት። ልትዳስሰው እጇን ስትሰድ «አልደረቀም» አላት።

ጎንበስ አለችና፣ ለሕፃን ትኩስ ገንፎ እንደሚያበርድ ሰው፣ ቀስ ብላ እፍ አለችበት።