«ሰርዝ» ብላ የላከችበት ጠዋት

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች መስኮት አልባ ክፍል የምትሠራውን ሴት ኃላፊዋ «ቁልፋችን» ይላታል። ማሞገሱ ነው። እሷ ግን ያንን ስም በሰማች ቁጥር በር የተቆለፈባት ይመስላታል። የሕሙማኑ ቀጠሮ የሚያዝበት የኮምፒውተር ሲስተም አሮጌ ነው፤ ሲታመም የሚያስታምመው ከእሷ በቀር ሰው የለም። ባሏ ሌላ ከተማ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቷል። እሱ ዘንድ ለመሄድ ዝውውር በጠየቀች ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይይዘዋል?» ሰው አሠለጠነች። የሠለጠነው ሁሉ እጁ ሲፈታ የተሻለ ቦታ አገኘና እብስ አለ።

ሥራዋን የምትሠራው ኮምፒውተሯ ላይ በሚከፈት ጥቁር ገጽ፣ በጽሑፍ በምታዘው መሣሪያ ነው። መዝገቡ ሁሉ ወደተቀመጠበት ትልቅ ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ መረጃ ይወስዳል፣ ያመጣል። ምንም ካላሉት ማምጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላ ሥራ ሲያሻት «ተካ» ወይም «ሰርዝ» የሚለውን ቃል ራሷ ትጽፍለታለች፤ እሱም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የዓይን ክፍል ነርሷ ደወለች።

«እህቴ፣ አንድ አባት ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል። አንዱን አጥፊልኝ እስቲ።»

ቀላል ነገር ነበር። «ሰርዝ» ብላ ጻፈች፤ ሰርቨሩ ወደ ሌላ አድራሻ ከመራህ ተከተል የሚለውንም እንደ ልማዷ ጨመረችበት። ለካ ሲስተሙን የሚጠግነው ድርጅት ቅዳሜ ዕለት ሳይነግራት በሰርቨሩ ውስጥ ያሉትን የመዝገቦቹን አድራሻዎች አዛውሮ፣ ሲያዛውርም አበላሽቶት ኖሯል። አሮጌው አድራሻ መሣሪያውን ወደ አንድ ሰው መዝገብ ሳይሆን ወደ ዓይን ክፍሉ ቀጠሮ በሙሉ መራው። መሣሪያውም ያስያዘችውን ቃል እንደያዘ እዚያው ደረሰ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ኧረ እህቴ፣ ሁሉም ባዶ ሆነብኝ። ኮሪደሩ ደግሞ በሰው ጢም ብሏል።»

ስክሪኑን ስታይ ምን እንደሠራች ገባት። ወደ ኃላፊው ቢሮ ደረጃውን ስትወጣ ግን ከፍርሃቱ ሥር ደስታ ቢጤ ብቅ አለባት። ይኼኔ ያባርረኛል፣ አለች በሆዷ። ምናለ ባባረረኝ።

«የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አድራሻው መዛወሩን ሳላጣራ ላክሁት። ለዚህ ሥራ አልሆንም፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ኃላፊው ጠየቃት። «መመለስ ይቻላል?»

«አይቻልም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያለፈቻቸው፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ እናት ትዝ አሏት።

«ይቻላል። የትናንቱ ቅጂ አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ? ይህንንስ ቢሆን ከአንቺ ሌላ ማን ይመልሰው ነበር?»

ወርዳ «ተካ» እያለች ቀጠሮዎቹን አንድ በአንድ መለሰች፤ ምሳም አልበላች። በበነጋታው ሲስተሙን ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካ፣ እሷም ፈቃድ ስትወጣ ስልኳን እንዳትዘጋ ትእዛዝ ወጣ።

ባሏ ሲደውል ሁሉንም ነገረችው።

«እና አላባረሩሽም?»

«አመሰገኑኝ።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «በቃ፣ አንቺ መምጣት ካልቻልሽ እኔ ልምጣ» አላት። አትምጣ ማለት ነበረባት። ናፍቆቱ ግን አሸነፋት።

እሱም መጋዙንና መላጊያውን ለወንድሙ ትቶ መጣ። አሁን የሰው ሱቅ ውስጥ የበር ማጠፊያና ምስማር ይሸጣል። አንድም ቀን አማሮ አያውቅም። ራት ላይ ግን ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዳብሳሉ፤ በደንብ ያልተላገ ቦታ ሲያገኙ እዚያው ይመላለሳሉ። እሷም ቀና ብላ ልታየው ያቅታታል።