በቀይ ክር የታሰረው ቅጠል

ጥቅምት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ። እናቴ የስፌት መርፌዋን በአንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ካሉት ሦስት እባጮች በአንዱ ውስጥ ሰካች፤ መልሳ አወጣች። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገጥምበት ቦታ ላይ ቀይ ክር አሰረች። ከጎኑ ያለው ቅጠልም እባጭ አውጥቷል፤ እሱን ሳትወጋ ነጭ ክር አሰረችበት። ሰዓቱን የጻፍኩት «ጻፈው» ስላለችኝ ነው።

እዚህ ያደረሰን የእኔ ስሕተት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴ አንገት ላይ፣ ከግራ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ሽንብራ የሚያህል እብጠት ወጣ። ቤቴል የሚገኝ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ዳሰሰውና «በመርፌ ናሙና ወስደን እንመርምረው» ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። ፌርማታው ላይ ታክሲ ስንጠብቅ «እኔ አንገቴን ብረት አላስነካም» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በሰፈራችን ሁሉም ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ እብጠት ብረት ከነካው ይነቃል፣ ይበተናል ይባላል። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን እህቷን የቀበረችው ከመርፌ በኋላ ነው። «መርፌው ባይነካት ዛሬ አብራን ነበረች» ትላለች። እህቷ ሐኪም ዘንድ የሄደችው ዘግይታ እንደሆነስ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

በዚያው ሰሞን እናቴን ጉንፋን ያዛት። የምትታጠንበትን ቅጠል ከአጥሩ ሥር ካለው ቀይ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩላት። ቅጠሎቹ በመሃላቸው በሚያልፈው ደም ሥር ላይ እባጭ አውጥተው ነበር። አንዱን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ እጇ ሳታስበው ወደ አንገቷ ሄደ። ቅጠሎቹን ድስቱ ውስጥ አልከተተቻቸውም።

ውስጡ ያለውን ካየች ፍርሃቷ ይቀንሳል ብዬ አሰብኩ። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ሁሉ የተዘጋ ነገር ስከፍት ነው የኖርኩት። እባጩን በምላጭ ሰንጥቄ እሷ በመርፌ ክር የምታስገባበትን አጉሊ መነጽር ሰጠኋት። ነጭ፣ እግር የሌለው እጭ ተኝቶ ነበር። ትልቁ አይንቀሳቀስም። ሆዱ ላይ ከእሱ ያነሰ ሌላ እጭ ተጣብቋል፤ እሱ ይንቀሳቀሳል። ትልቁ በአንድ በኩል እንደ ባዶ ስልቻ ተጨማድዷል።

«አንዱ አንዱን እየበላው ነው» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

ለዘገባ ስለ ነፍሳት የምጠይቀው አንድ ባለሙያ ነበር። ደወልኩለት፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ይህ ሁለተኛው ስሕተቴ ነው።

«የመጀመሪያዋ ተርብ ቅጠሉ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ቅጠሉ ያብጣል» አለ። «ከዚያ ሌላ ተርብ መጥታ በእጩ ላይ የራሷን እንቁላል ትጥልበታለች። የእሷ ልጅ ያንን በቁሙ እየበላች ታድጋለች።»

«እባጩን ከውጭ አይቶ ውስጡ የትኛው እንዳለ መለየት ይቻላል?» አልኩት።

«አይቻልም። ካልተከፈተ አይታወቅም።»

«በልተው ሲጨርሱስ?» አለች እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ።

«ቀዳዳ ሠርተው ይወጣሉ፣ እማማ።»

ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። «ቀጠሮውን ሰርዘው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።

አራት ቀን አለፈ። ነጠላውን ቤት ውስጥም አታወልቅም። ማክሰኞ ጠዋት ግን መርፌዋን ይዛ ከአጥሩ ሥር አገኘኋት።

«ብረት አይጎዳውም ትላለህ?»

«አዎ።»

«በአፍህ ነው። እንየው። ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። የወጋሁት ከተበተነ አልሄድም። ጠዋት ጠዋት አይተህ ትነግረኛለህ፤ ለሰው የማትዋሸውን ለእናትህ አትዋሽም።»

ቅጠል አንገት እንዳልሆነ፣ የቅጠሉ ነገር ስለ እሷ ምንም እንደማያረጋግጥ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ግን ካንተ ወሬ ይሻለኛል።»

በየጠዋቱ በማስመሪያ ለካሁ። በስድስተኛው ቀን የተወጋው እባጭ ጠርዙ ጠቆረ፤ መጠኑ አልተለወጠም። ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ ታየኛለች።

«ጋዜጠኛው ዛሬም ባሕር ዛፉን ቃለ መጠይቅ እያደረግክ ነው? ምን አለህ?»

«ዝም ብሏል፣ እትዬ።»

«ከባለሥልጣን ተምሮ ነዋ።»

እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ማስመሪያዬ ስመለስ ያነበብኩት ቁጥር ጠፍቶብኝ እንደገና ለካሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ቀይ ክር ያለበትን ቅጠል ገልብጬ ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን ማስታወሻዬ ላይ ሦስት እባጭ ይላል። አራት ሆኗል። አዲሱ ከተወጋው አጠገብ ነው፤ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ የተወጠረ።

መቀስ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቅርንጫፉን ቆርጬ ነፋስ ሰበረው ማለት እችል ነበር። ትናንት ማታ ነጠላዋ ሸርተት ሲል አንገቷን አይቻለሁ፤ እብጠቱ ያደገ መሰለኝ። እሱን በማስመሪያ ለመለካት አልደፈርኩም። መቀሱን አውጥቼ ይዤ እንደቆምኩ የበሩ ድምፅ ተሰማ። መቀሱን ኪሴ ከተትኩት።

«አራት ሆኗል» አልኳት፣ ገና ሳትቀመጥ።

ፊቷ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ አየሁ። አጉሊ መነጽሯን አንስታ ወደ አጥሩ ሄደች። ተከተልኳት። ቀዩን ክር ያዘች፤ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«ነጩስ?» አለች።

ነጩን አልቆጠርኩትም። ማስታወሻዬ ላይ በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት «ያልተወጋ» የሚል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዘገባ ጀማሪ ቢያመጣልኝ እመልስበት ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ። ክሩን ሳስር ሦስት ነበር።» በጥልፍ ሥራ ዕድሜዋን ክር ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። ቅጠሉን ወደ ብርሃኑ አዞረችልኝ። «አሁን አምስት ነው። ማን ወጋው?»

ማስታወሻዬ ላይ «ነጭ፣ አምስት» ብዬ ጻፍኩ።

«ያልነኩትም ይባዛል ማለት ነው» አለች። ሁለቱንም ክር ፈትታ ጣቷ ላይ ጠቀለለቻቸው። ሁለት ጊዜ ተሳስታ እንደገና ጀመረች። «ቀጠሮውን ሰርዘኸዋል?»

«አልሰረዝኩትም።»

«ውሸታም» አለች።

ሰኞ ከአየር ጤና ታክሲ ይዘን ቤቴል ሄድን። በመንገድ ላይ ስለ ቲማቲም ዋጋ ብቻ አወራች። ክሊኒኩ ውስጥ አልጋው ላይ ስትጋደም ነጠላዋን ራሷ አወለቀች፤ የእኔን እጅ በግራ እጇ ያዘች። እብጠቱን በብርሃን ያየሁት ያኔ ነው። ሐኪሙ «አይንቀሳቀሱ፣ እናቴ» አላት። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየጸለየች መስሎኝ ጠጋ ስል ስትቆጥር ሰማኋት። አሥራ አራት ላይ መርፌው ወጣ።

መርፌው የገባው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ውጤቱ በሰባት ቀን ይደርሳል ተብሏል። ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው።